ሪሞት ዴስክቶፕ እምቢ ሲል፦ አለመገናኘትን፣ መንቀራፈፍንና መቆራረጥን ደረጃ በደረጃ መፍታት

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል። የሒሳብ ሠራተኛዋ አዳማ ቤቷ ቁጭ ብላ በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ ያለን ኮምፒውተር ከርቀት በሚያሠራው ፕሮግራም፣ አዲስ አበባ ያለውን የቢሮዋን ኮምፒውተር ከፍታለች። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ስክሪኑ ላይ አለ። ቁጥር ስትጽፍ ግን ቁጥሩ ብቅ የሚለው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ነው። ያልተጻፈ መስሏት ደግማ ትጫናለች። ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። 500 ልትጽፍ የነበረው 5500 ሆኖ ይገባል።

እንዲህ ያለ ስልክ ብዙ ጊዜ ይደወልልኛል። እስካሁን ምን እንደተሞከረ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ኢንተርኔቱን አሳደግኩት፣ ግን ለውጥ የለም።» ያ ገንዘብ ያሳዝነኛል። ከሪሞት ዴስክቶፕ ጋር ሰውን የሚያጣላው ከመስመሩ ጥበት ይልቅ የመልሱ መዘግየት ነው። ሰፊ መስመር ተገዝቶም መልሱ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛትዎና ምንም ሴቲንግ ከመነካካትዎ በፊት ችግሩ የት እንዳለ ይለዩ።

ሊሆን የሚችለው ከሦስት ቦታዎች አንዱ ነው። አንደኛው እርስዎ ጋ፣ ማለትም ላፕቶፕዎና የቤትዎ ዋይፋይ ነው። ሁለተኛው መንገዱ ነው፤ ኢንተርኔቱና ቪፒኤኑ (በኢንተርኔት ላይ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባው የተጠበቀ መስመር)። ሦስተኛው ማዶ ያለው ኮምፒውተር ነው። እዚህ የምጽፈው ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ ስለሚመጣው ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ኤኒዴስክ ወይም ቲምቪወር ለምትጠቀሙም የመዘግየቱ ክፍል እንዳለ ይሠራል።

መጀመሪያ፦ የስልክ ሙከራ

ከሁሉም ሙከራ የምወደው ይህን ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የቤቱን ዋይፋይ ያጥፉ። የስልክዎን ዳታ ያብሩና ሆትስፖት ከፍተው ላፕቶፑን በእሱ ያገናኙ። ከዚያ ሪሞት ዴስክቶፑን እንደገና ይክፈቱ። አሁን ደህና ከሆነ ችግሩ የቤትዎ ዋይፋይ ወይም የቤትዎ መስመር ነው። በስልኩም ያው ከሆነ ከቤትዎ መስመር ዓይንዎን ያንሱና ወደ ማዶ ይመልከቱ። እግረ መንገድዎን አንድ የሥራ ባልደረባ ጋ ደውለው እሱም ተቸግሮ እንደሆነ ይጠይቁ። ሁላችሁም ከተቸገራችሁ የእርስዎ ላፕቶፕ ንጹሕ ነው።

ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለ፤ ችግሩ የጀመረው መቼ ነው? ትናንት ደህና ከነበረ በመሀል ምን ተቀየረ? አፕዴት ገባ? መብራት ሄዶ መጣ? ራውተር ተቀየረ? ፓስወርድ ተለወጠ? መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ውስጥ ተደብቋል።

ጭራሽ አልገናኝ ሲል

«ሪሞት ዴስክቶፕ ከኮምፒውተሩ ጋር መገናኘት አልቻለም» የሚለው መልእክት ራሱ ሦስት ምክንያቶችን ይዘረዝራል፤ ሪሞት ዴስክቶፕ አልተፈቀደም፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ወይም ኔትወርክ ላይ የለም። ሰው አያነበውም እንጂ ጥሩ መልእክት ነው። እኔ የምጀምረው ከመካከለኛው ነው።

ኮምፒውተሩ በርቷል? ቢሮው አካባቢ መብራት ሄዶ ከነበረ መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ ላይነሳ ይችላል። ጥበቃው ጋ ደውለው «መብራቱ በርቷል?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይፈጥናል። ለወደፊቱ ግን ሁለት ነገር ያስተካክሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ) ይግቡና ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ምን እንዲያደርግ የሚጠይቀውን ሴቲንግ «ፓወር ኦን» ላይ ያድርጉት። ቀጥሎ ዊንዶውስ ውስጥ የፓወር ሴቲንጉን ከፍተው «ስሊፕ» የሚለውን «ኔቨር» ያድርጉት። የተኛ ኮምፒውተር ለሪሞት ዴስክቶፕ ከጠፋ አይለይም። ዩፒኤስ ካለ ደግሞ ራውተሩንም አብረው ይሰኩበት። ኮምፒውተሩ በርቶ ራውተሩ ከጠፋ ምንም አልሠራም ማለት ነው።

ሪሞት ዴስክቶፕ ተፈቅዷል? ማዶ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ ሪሞት ዴስክቶፕ ብለው ይግቡና ያብሩት። ይህ ሴቲንግ «ሆም» በሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ላይ አይሠራም። «ፕሮ» ወይም «ኢንተርፕራይዝ» ያስፈልጋል። እርስዎ የሚጠቀሙበት ላፕቶፕ ግን ሆም ቢሆንም ችግር የለውም። ገደቡ ያለው ማዶ ባለው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው።

አድራሻው ያው ነው? ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን የሚጠራው በአይፒ አድራሻ ነው፤ 192.168.1.25 ብሎ። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ግን ለኮምፒውተሩ ሌላ ቁጥር ሊሰጠው ይችላል። ያኔ እርስዎ የሌላ ሰው በር እያንኳኩ ነው። መፍትሔው ራውተሩ ላይ ለዚያ ኮምፒውተር ቋሚ ቁጥር ማስያዝ ወይም በቁጥሩ ፈንታ በኮምፒውተሩ ስም መገናኘት ነው።

ቪፒኤኑ በትክክል ተገናኝቷል? ቅደም ተከተሉ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ቪፒኤን፣ ከዚያ ሪሞት ዴስክቶፕ ነው። ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነሳ ቪፒኤኑ የተገናኘ መስሎ ሊታይ ይችላል። ያጥፉትና እንደገና ያገናኙት።

ሰው ብዙ የሚሳሳትበት አንድ ነገር ልጨምር። ፒንግ አድርጎ (አጭር ምልክት ልኮ መልስ የሚጠብቀውን ትእዛዝ ሞክሮ) መልስ ሲያጣ «ኮምፒውተሩ ጠፍቷል» ይላል። የዊንዶውስ ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚገባውን የሚቆጣጠረው ጠባቂ) ፒንግን ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ፒንግ ዝም ማለቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበት በር 3389 የሚባለው ፖርት ነው። ፋየርዎሉ ወይም አንቲቫይረሱ ይህን ፖርት እንዳልዘጋ የቢሮውን የአይቲ ሰው ይጠይቁ።

ይህን ስል ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። 3389ን ራውተሩ ላይ ለመላው ኢንተርኔት አይክፈቱ። ፓስወርድ እየገመቱ ሌት ተቀን ይህን ፖርት የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ። በ2019 «ብሉኪፕ» የተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመ ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አውጥቷል። ነገሩ ያን ያህል ከባድ ነበር። በዚህ በር የገባ ሰው የድርጅቱን ፋይል በሙሉ ቆልፎ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ከውጭ መግባት ካስፈለገ በቪፒኤን ይሁን።

ፓስወርዱን አልቀበል ሲል

እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው።

አንደኛ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ፓስወርድ ሲጻፍ የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ አይታወቅም። የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን አብረው ተጭነው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። ከገቡ በኋላም የአማርኛ መጻፊያውን በአንድ በኩል ብቻ ያብሩ፤ ወይ ላፕቶፕዎ ላይ ወይ ማዶ። በሁለቱም ከበራ ፊደሉ ሊዘበራረቅ ይችላል።

ሁለተኛ ሰዓቱ ነው። አንዳንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተሩ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ አገኛለሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩም 2 ይላል። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን የስድስት ሰዓት ስህተት ነው። ሪሞት ዴስክቶፕ በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል የሰዓት ልዩነት ሲያይ ማንነትዎን ማረጋገጥ አልችልም ብሎ ሊመልስዎ ይችላል። ዶሜይን ባለበት ቢሮ (ኮምፒውተሮቹና አካውንቶቹ ከአንድ ሰርቨር በሚተዳደሩበት) ደግሞ የሚፈቀደው ልዩነት በተለምዶ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። የሰዓት ሴቲንጉን ከፍተው ታይም ዞኑን ናይሮቢ ያለበት ላይ ያድርጉት፤ እኛም በዚያው ነን። ከዚያ ሰዓቱን ራሱ እንዲያስተካክል ይፍቀዱለት። መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ርካሽ ናት፤ ያስቀይሯት።

ሦስተኛ ፒን ፓስወርድ አይደለም። ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን የሚከፍቱባት አራት አኃዝ እዚህ አትሠራም። ትክክለኛው የአካውንቱ ፓስወርድ ይፈለጋል። ፓስወርድ የሌለው አካውንትም ከርቀት አይገባም፤ ዊንዶውስ ሆን ብሎ ይከለክለዋል።

«ክሬድ ኤስ ኤስ ፒ» የሚል ቃል ያለበት ስህተት ከመጣ ደግሞ ከሁለቱ ኮምፒውተሮች አንዱ የ2018ን የደኅንነት አፕዴት አላገኘም ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ ጥበቃውን ማጥፊያ መንገድ ይነግሩዎታል። አያጥፉት። ወደኋላ የቀረውን ኮምፒውተር አፕዴት ያድርጉት።

ይገናኛል፣ ግን ይንቀራፈፋል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ሪሞት ዴስክቶፕ ሲሠሩ ፕሮግራሙ እርስዎ ላፕቶፕ ላይ የለም። የሚመጣልዎት የስክሪኑ ምስል ነው። ከእርስዎ የሚሄደው ደግሞ የማውዙና የኪቦርዱ ምልክት ነው። አንዲት ፊደል ሲጫኑ ምልክቷ ማዶ ትደርሳለች፣ እዚያ ትጻፋለች፣ የተጻፈችበት ምስል ተመልሶ ይመጣል። ይህ የደርሶ መልስ ጊዜ በሚሊሰከንድ (በሰከንድ አንድ ሺሕኛ) ይለካል። እስከ 100 ድረስ ምቹ ነው። ማይክሮሶፍት ለራሱ የክላውድ ዴስክቶፕ (ዳታ ማዕከል ውስጥ ተቀምጦ በኢንተርኔት ለሚከፈተው ዴስክቶፕ) ከ150 በታች እንዲሆን ይመክራል። 200 ሲያልፍ እጅ ይሰማዋል። 400 ላይ መጻፍ ያሰለቻል።

ለዚህ ነው ፓኬጅ ማሳደግ የማይረዳው። ለተራ የቢሮ ሥራ ከ1.5 እስከ 3 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃል። 20 ሜጋ ቢት ቢገዙ መንገዱ ሰፋ እንጂ አላጠረም።

የማይቀነስም ርቀት አለ። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በአንድ ሚሊሰከንድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ዱባይ በአየር ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልሱ ከ25 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። ፍራንክፈርት ከ50 በላይ ይፈልጋል። ዋሽንግተን ሆኖ አዲስ አበባ ያለውን የቤተሰቡን ድርጅት ሒሳብ ለሚያይ ሰው ደግሞ ወደ 115 ነው። ይህ ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ ነው። አገራችን ባሕር ስለሌላት መስመሩ በጂቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ይወጣል፤ በተግባር ቁጥሩ ከፍ ይላል። እዚህ ሆናችሁ ለውጭ ድርጅት በክላውድ ዴስክቶፕ የምትሠሩ ልጆች ታዲያ አሠሪያችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «ዴስክቶፔ የተቀመጠው የት አገር ነው?» በሉ። ማይክሮሶፍት ከ2019 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካና የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ውስጥ የዳታ ማዕከል አለው። ከአሜሪካ ወደ ቅርብ ማዛወር ከየትኛውም ሴቲንግ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ሁለቱንም ሞክራችሁ ምረጡ። በካርታ የቀረበ በኬብል ላይቀርብ ይችላል።

አሁን ይለኩ። ከሪሞት ዴስክቶፑ መስኮት በላይ በምትታየው ሰማያዊ አሞሌ ላይ የስልክ ኔትወርክ ምልክት የምትመስል ነገር አለች። ሲጫኗት የግንኙነቱን ጥራት ትነግርዎታለች።

ቀጥሎ የላፕቶፕዎን ኮማንድ ፕሮምፕት ይክፈቱ። ፒንግ የሚለውን ትእዛዝ ጽፈው የቤትዎን ራውተር አድራሻ ያስከትሉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። መጨረሻው ላይ ክፍተት ትተው ሰረዝና የላቲኗን ቲ ካከሉ ሳያቋርጥ ይለካል። ሁለት ደቂቃ ይተዉት። ራውተሩ እዚያው ቤትዎ ውስጥ ስለሆነ መልሱ ከጥቂት ሚሊሰከንድ መብለጥ የለበትም። 3፣ 4፣ 180፣ 5፣ 240 እያለ የሚዘል ከሆነ ወይም መካከል ላይ መልስ የሚጠፋ ከሆነ ጥፋተኛው ዋይፋዩ ነው። ቴሌን አይውቀሱ።

ዋይፋይ ሲሆን በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. ላፕቶፑን በኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ጋር ያገናኙና ይሞክሩ። ችግሩ ከጠፋ ሥራው አልቋል። ኬብሉን እዚያው ይተዉት።
2. ኬብል ካልተቻለ ወደ ራውተሩ ይቅረቡ። ብሎኬት ግድግዳ ሲግናል ይበላል።
3. ራውተሩ ሁለት ስም ካሳየ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚለውን ይምረጡ። ርቀቱ አጭር ቢሆንም ፈጣን ነው።
4. ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑና ያለዎት 2.4 ብቻ ከሆነ የራውተሩን ቻናል ወደ 1፣ ወደ 6 ወይም ወደ 11 ይቀይሩ። የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ አንድ ቻናል ላይ ሲጨናነቅ ሁሉም ይጎዳል።

ራውተሩ ደህና መልሶ መዘግየቱ ከዚያ ወዲያ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ መስመሩን ማን እንደያዘው ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ሰው ዳውንሎድን ይጠረጥራል። እኔ የምጠረጥረው አፕሎድን ነው። አንድ ስልክ የሠርግ ቪዲዮ ወደ ክላውድ ሲጭን መውጫው ይሞላል፤ የእርስዎ የማውዝ ምልክት ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ለአሥር ደቂቃ የሌሎቹን ስልኮች ዋይፋይ አጥፍተው ይሞክሩ።

የሚመጣውን ምስል ማቅለል

መንገዱን ማስተካከል ካልተቻለ ጭነቱን ይቀንሱ። ከመገናኘትዎ በፊት ሪሞት ዴስክቶፕን ከፍተው «ሾው ኦፕሽንስ» የሚለውን ይጫኑ።

«ዲስፕሌይ» ውስጥ የስክሪኑን መጠን ዝቅ ያድርጉ። 1366 በ768 ከ1920 በ1080 ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ሁለት ሞኒተር የሚጠቀሙ ከሆነ ለጊዜው በአንድ ይሥሩ። «ኤክስፒሪየንስ» ውስጥ ፍጥነቱን ዝቅተኛ ብሮድባንድ የሚለው ላይ ያድርጉና የዴስክቶፕ ጀርባ ምስሉን፣ የሜኑ እንቅስቃሴውንና መስኮት ሲጎተት ይዘቱን ማሳየቱን ያጥፉ። ከታች ያሉትን ሁለቱን ግን አይንኩ፤ የምስል ማስቀመጫውና ሲቋረጥ ራሱ እንደገና የሚያገናኘው ይጠቅማሉ። «ሎካል ሪሶርስስ» ውስጥ ፕሪንተሩንና ድራይቮቹን ያጥፉ፤ ሲያስፈልግዎት ብቻ ያበሯቸዋል።

ቪዲዮና ስብሰባ በሪሞቱ ውስጥ አይክፈቱ። ዙሙን በራስዎ ላፕቶፕ ላይ ይክፈቱት። ትልቅ ፋይልም ኮፒ ፔስት እያሉ በዚያ መስመር አይጎትቱ።

መንገዱ ደህና ሆኖ ማዶው ሲዝል

ኤክሴል ሲከፈት ብቻ የሚዘገይ፣ ማውዙ ግን ደህና የሚሄድ ከሆነ የደከመው የቢሮው ኮምፒውተር ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አብረው ይጫኑ። ሪሞቱ ሙሉ ስክሪን ከሆነ የሚከፈተው የማዶው ታስክ ማኔጀር ነው። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ተቸንክሮ ከቆየ ወይ አፕዴት እየገባ ነው፣ ወይ አንቲቫይረስ እየፈተሸ ነው፣ ወይ ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት ነው። እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ ገንዘብ ማውጣት ካለብኝ የማወጣው ለኤስ ኤስ ዲ (ለማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ነው። ራም ከሞላ ደግሞ የተረሱ ፕሮግራሞችን ይዝጉ። መስኮቱን በኤክስ መዝጋት መውጣት አይደለም። ከፍተው የሄዱት ሁሉ እዚያ እየሠራ ይቆያል። ሥራ ሲጨርሱ «ሳይን አውት» ይበሉ።

ሲቆራረጥና ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን

በድንገት ተባረው ሌላ ሰው ገብቷል የሚል መልእክት ካዩ ችግር አይደለም። ዊንዶውስ ፕሮ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው። ቢሮ ያለ ሰው ኮምፒውተሩን ከፍቶት ይሆናል፤ ይደዋወሉ።

ፓስወርዱን ተቀብሎ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤንድን አብረው ይጫኑ። ይህ ማዶ ላይ የኮንትሮል፣ ኦልትና ዲሊት ሥራ ይሠራል። ሜኑ ከመጣ ሳይን አውት ብለው እንደገና ይግቡ። በቪፒኤን በኩል ሲገቡ ብቻ ስታክ የሚያደርግ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ጠርጥሩ። ሪሞት ዴስክቶፕ ከቲ ሲ ፒ ሌላ ዩ ዲ ፒ በሚባል መንገድም ይልካል። አንዳንድ ቪፒኤንና ራውተር ይህን በደንብ አያሳልፉም። በላፕቶፑ ግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ጠለቅ ያሉ ሴቲንጎች በሚገኙበት ቦታ) ውስጥ፣ በሪሞት ዴስክቶፕ ደንበኛው ክፍል፣ ዩ ዲ ፒን ማጥፊያ አለ። አጥፍተው ይሞክሩ፤ ካልረዳ ይመልሱት። ሁለተኛው የፓኬቱ፣ ማለትም ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል፣ መጠን ነው። ቪፒኤን በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ የራሱን መጠቅለያ ስለሚጨምር 1500 ባይት የነበረው ሞልቶ ይፈሳል። ትንንሹ መልእክት ያልፋል፣ ትልቁ ምስል ይቀራል። ይህን ማስተካከል የአይቲው ሥራ ነው። ኤም ቲ ዩውን (የፓኬቱን ከፍተኛ መጠን) ዝቅ እንዲያደርግ ይንገሩት።

አይቲውን ሲጠሩ

በየደረጃው አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። የቀየሩትንም ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሦስት ነገር በአንዴ ቀይሮ «ተስተካከለ» ያለ ሰው ነገ ሲበላሽ ከዜሮ ይጀምራል። ካልሆነልዎት «ኔትወርኩ አይሠራም» ከሚል መልእክት ይልቅ ለአይቲው እንዲህ ብለው ይላኩለት፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከትናንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሪሞቱ ይገናኛል፣ ግን በየአሥር ደቂቃው ይቋረጣል። በቤቴ ዋይፋይም በስልኬ ዳታም ያው ነው። የቤቴ ራውተር በ3 ሚሊሰከንድ ይመልሳል። የቢሮው ግን ከ90 ተነስቶ 600 ይደርሳል፣ ከ100 ፒንግ 8 ጠፍቷል። የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬም እንዲሁ ሆኖባታል። ረቡዕ ማታ ቢሮ መብራት ሄዶ ነበር። ዩ ዲ ፒን አጥፍቼ ሞክሬያለሁ፣ ለውጥ ስለሌለው መልሼዋለሁ። የስህተቱን ስክሪንሾት አያይዣለሁ።»